የእንግዳ ዕቃ

ሥራዬ ሰው ማራገፍ ነው። ጠዋት ጠዋት በንጋት ሕፃናት ማቆያ በር ላይ ቆሜ፣ ልጅ ይዞ የመጣውን ወላጅ ሁሉ ከአናቱ እስከ ጫማው በብሩሽ አራግፋለሁ፤ አፉን አስጉመጠምጣለሁ፤ ጥፍሩን አያለሁ። ከሁሉ በፊት ግን «ምን በላህ?» እላለሁ። ድሮ ደሴ ውስጥ ሁለት ሰዎች ሲገናኙ ጉንጭ ለጉንጭ ተሳስመው፣ የቤተሰቡን ደህንነት ተጠያይቀው፣ ከዚያ በኋላ ነበር አሉ ወደ ጉዳያቸው የሚገቡት። ዛሬ የሰው ጉንጭ መሳም ቁርሱን መቅመስ ስለሆነ ነገሩ ቀርቷል። አሁን ሰላምታው «ምን በላህ» ነው። መልሱም በቅንነት ይሰጣል፤ ውሸቱ የሰው ልጅ ይገድላልና።

በዚህ ሥራ የሰው ገበና ይታወቃል። ማን ከሚስቱ ተደብቆ ጥብስ እንደሚበላ፣ ማን በባዶ ሆዱ እንደሚወጣ፣ ማን ተኳርፎ እናቱ ቤት እንዳደረ ከኮቱ እጅጌ ላይ አነባለሁ። ጢም ያለው ወላጅ ግን ጠላቴ ነው። ጢም ጎተራ ነው፤ የትናንቱም የዛሬውም እዚያ ይገኛል።

ከበሩ ወዲያ ያለው ግቢ ጸጥ ያለ ነው። እያንዳንዱ ልጅ አንገቱ ላይ የምስር ፍሬ የምታክል ጠቋሚ አለችው። ደህና ሲሆን አረንጓዴ ናት፤ ሰውነቱ የማይቀበለው ነገር ሲገባ ትቀላለች። የመክሰስ ሰዓት ሲደርስ ልጆቹ ተሰልፈው ወደየመስታወት ክፍላቸው ይገባሉ። አስተማሪዎቹ ክፍሏን «ጎጆ» ይሏታል። እዚያ ስማቸው የተጻፈበት ከረጢት ይጠብቃቸዋል። ይጨምቁታል፣ ይመጥጡታል፣ ይወጣሉ። ውስጡ ያለው ሁልጊዜ ጣፋጭ ነው፤ ፋብሪካው የማንንም ሆድ የማያስቆጣ ሌላ ነገር አላገኘም። እዚህ ያሉት የአራትና የአምስት ዓመት ልጆች ጨውን የሚያውቁት ከእንባቸው ነው። ቀርጨም አድርገው የነከሱት ነገር ቢኖር እርሳስ ነው።

ልጆቹ በዚህ አያማርሩም፤ ሌላ አያውቁማ። አንዷ ብቻ ታማርራለች። እሷም የልጄ የመዲና ልጅ፣ ረውዳ ናት።

ረውዳ የማይስማማትን ከመቁጠር የሚስማማትን መናገር ይቀላል። ጤፍ፣ ስንዴ፣ ገብስ፣ ወተት፣ እንቁላል፣ ባቄላና ዘመዶቹ ሁሉ፣ ሰሊጥ፣ ኑግ፣ ሁሉም ጠላቶቿ ናቸው። እኛ ቤት የሚበላው እሷ የምትበላው ከረጢት ብቻ ነው፤ እናቷም እኔም ሌላ ነገር ከቀመስን ዓመታት አልፈዋል። ፈጣሪ ይህን ሁሉ ሲሰጣት ታዲያ ብቸኝነትን የሚወድ ጠባይ ቢሰጣት ምን ነበረበት? አልሰጣትም። ሰው ወዳድ ናት። ከጎጆዋ ሾልካ ትወጣና የሌላውን ልጅ እጅ ይዛ ትልሳለች። ሰው የበላውን መብላት ትፈልጋለች፤ በቃ፣ ሌላ ምክንያት የላትም።

በዚህ ጠባይዋ ጠቋሚዋ ደጋግማ ቀላች። በመጨረሻ የማቆያው ኃላፊ ወይዘሮ ስመኝ ጠርታ አነጋገረችኝ። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ስትናገር መሬት መሬት ታይ ነበር።

«ጋሽ እንድሪስ፣ ከእንግዲህ አንዴ ከቀላች ወደ ኮምቦልቻ ትዛወራለች። ደንብ ነው፤ እኔም ላድናት አልችልም።»

ኮምቦልቻ ያለው የብቻ ማቆያ ነው። አንድ ጊዜ ሄጄ አይቼዋለሁ። እያንዳንዱ ልጅ የራሱ ክፍል፣ የራሱ አየር አለው። ጓደኞቹ ግድግዳው ላይ በሥዕል እየመጡ ያጫውቱታል። ንጹሕ ነው፣ ሠራተኞቹ ትሑታን ናቸው፣ እዚያ ገብቶ የታመመ ልጅ የለም። ኮሪደሩን ከጫፍ ጫፍ ስሄድ የሰማሁት የራሴን ጫማ ብቻ ነበር። ተመልሼ ለመዲና «ጥሩ ቦታ ነው» አልኳት፤ ከዚያ ጓሮ ወጥቼ ቆየሁ።

ትብለጥ የመጣችው በዚህ ጊዜ ነው። የሰኞ ገበያ ሰፈር ልጅ ናት፤ አርባዎቹን አጋምሳለች፤ ድምጿ ከእሷ ቀድሞ በር ይገባል። የማቆያው መክሰስ ሠሪ ተብላ ተቀጠረች። መክሰስ ሠሪ ማለት እስከዚያ ቀን ከረጢቱን ከካርቶን አውጥቶ ጎጆ ውስጥ የሚያስቀምጥ ሰው ነበር። እሷ ግን በመጣች በማግስቱ ተቆልፎ የኖረውን ወጥ ቤት ቁልፍ ጠየቀች። አገኘችና ከፈተችው፤ የሸረሪቱን ድር ስትጠርግ ከድስቶቹ ጋር ስትጨቃጨቅ እስከ በሩ ይሰማኝ ነበር።

የመጀመሪያውን ሳምንት ምንም አልሠራችም። በመክሰስ ሰዓት በጎጆዎቹ ፊት ወለሉ ላይ በሆዷ ትተኛለች። ይህን የመሰለች ትልቅ ሴት እንደዚያ ተዘርግታ ሳይ ነገሩ ግራ ገባኝ።

«ምን ሆነሽ ነው ትብለጥ?»

«ጥርስ እያየሁ ነው» አለች ዓይኗን ሳታነሳ። «ይዩ፣ ያ ልጅ ከረጢቱን ጨርሶ አፉን ያላምጣል። አፉ ባዶ ነው እኮ! ጥርሳቸው ሥራ ፈቶ ሥራ እየፈለገ ነው።»

ከዚያ ረውዳን አየቻት። ረውዳ የጎጆዋን መስታወት ከጎረቤቷ በሚያዋስናት በኩል እየላሰች ነበር። ትብለጥ ተነስታ ቀሚሷን አራገፈችና ስለ ልጅቷ ጠየቀችኝ። ኮምቦልቻንም ነገርኳት። እጆቿን ወገቧ ላይ አድርጋ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«እንግዲህ እሷ አትልስም አትሉኝም» አለች በመጨረሻ። «መላስ አትተውም። ታዲያ ሌሎቹ ሁሉ እሷ የምትበላውን ቢበሉስ? የማንንም እጅ ብትልስ ምን ትሆናለች? ከዚህ ግቢ የሚያስቀላትን ነገር እናጥፋው እንጂ እሷን ለምን እናጠፋለን!»

እንዲህ ተብሎ ሲነገር ቀላል ይመስላል። የሚስማማው ነገር ከልጅ ልጅ ይለያያል፤ የአንዱ መድኃኒት ለሌላው መርዝ ነው። ትብለጥ ወላጆቹን እኔ የምቆምበት በር ላይ እየጠበቀች አንድ በአንድ ስታወራቸው ከረመች። በስተመጨረሻ ሁሉንም ልጅ የማያስቆጡ ጥቂት ነገሮች ተረፉላት፦ ነጭ ማሽላ፣ ቡላ፣ ዱባ፣ ጨው፣ ከጦሳ ተራራ የሚመጣ ጦስኝ። እንቁላል የለ፣ ቅቤ የለ፣ አንዲት ጠብታ ዘይት የለ። በዚህ ምን ይሠራል? እኔ ብሆን ከረጢቱን አመስግኜ እቀመጥ ነበር።

እሷ ዱባውን ቀቅላ ፈጨችና ማሽላውንና ቡላውን በሱ አቦካች፤ እንቁላል የሚሠራውን ሥራ ዱባው ሠራላት። የመጀመሪያው ድንጋይ ሆነ። ቀጥሎ የተጋገረው በእጅ ሲነካ ዱቄት ሆኖ ረገፈ። እንደ ዳቦ ቆሎ በትንንሹ ቆርጣ ሞክራ ነበር፤ «ይህ የሕፃን ጉሮሮ ውስጥ ይሰነቀራል» ብላ ራሷ ጣለችው። ከዚያ በጣት ርዝመት ጠቅለል አድርጋ፣ ወንፊት ጀርባ ላይ እያንከባለለች መስመር አወጣችለት። ልጅ በጡጫው ጨብጦ ጫፉን የሚነክሰው፣ አፉ ውስጥ ደግሞ ወዲያው የሚሟሟ እንጨት እንጨት ነገር ወጣ። ሲጠነክር ቡላ ትቀንሳለች፣ ሲረግፍ ዱባ ትጨምራለች። ከምድጃ ያወጣችውን ሁሉ ጆሮዋ ሥር ይዛ ቀጭ ታደርጋለች።

«ልጅ መጀመሪያ የሚበላው በጆሮው ነው» ትለኝ ነበር። «ካልጮኸ አይሆንም።»

እኔ ሰው ለማድነቅ የምቸኩል አይደለሁም፤ የሰውን ጢም ሲፈትሽ የሚኖር ሰው ብዙ አያደንቅም። እሷን ግን አደነቅኋት። ስትበላሽባት ትናደዳለች፣ ምድጃውን ትሰድባለች፣ ከዚያ እጅጌዋን ሰብስባ እንደ አዲስ ታቦካለች። አንድ ቀን ጮኸ። በወጥ ቤቱ መስኮት ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ተከትሎ የእልልታ ድምፅ መጣ።

መክሰሱ በመመርመሪያ መሣሪያ ታይቶ ንጹሕ ነው ተባለ። ወላጆች ተጠሩ፤ ሁሉም ተራገፉ፣ ተጉመጠመጡ፣ አፋቸው ተሸፈነ። ትሪው መሐል ላይ ተቀመጠ። ከእንግዶቹ መካከል እማማ ዋጋዬ ነበሩ፤ የአንዱ ልጅ ቅድመ አያት ናቸው፣ በመንደሩ ምርቃታቸው የሚደርስ የሚባሉ። ትሪውን ሲያዩ እንባቸው መጣ። በትራቸውን ተደግፈው ተነሱና የአፍ መሸፈኛቸውን ወደ አገጫቸው አወረዱት።

«በጨርቅ የታፈነ ምርቃት የት ይደርሳል?» አሉ።

ከዚያ መረቁ። ያሳድጋችሁ፣ ጥርሳችሁ ለወግ ይብቃ፣ የበላችሁት ይስማማችሁ አሉ። ሲጨርሱም እንደ ወጉ ትሪው ላይ «እንትፍ፣ እንትፍ» አሉበት። ሁላችንም እጃችንን ዘርግተን አሜን አልን። ወይዘሮ ስመኝ አሜን አለች። ትብለጥ አሜን አለች። አንድም ሰው «ኧረ እማማ» አላለም፤ ምርቃት እንዴት ይከለከላል?

እማማ ዋጋዬ ጠዋት በሶ በጥብጠው ነበር የጠጡት። በሶ ገብስ ነው።

ረውዳ ከትሪው ቀድማ ያነሳች ልጅ ነበረች። ጠቋሚዋ ስትቀላ ገና አልዋጠችውም። ከንፈሯ አበጠ፣ ትንፋሿ ማፏጨት ጀመረ፤ የማስታገሻውን መርፌ ተወጋች፣ በእቅፌ ይዣት ወደ መኪናው ሮጥኩ። ዳነች፤ አልሐምዱሊላህ። ሆስፒታል ስትነቃ መጀመሪያ ያለችው «ያ የሚጮኸው አለቀ?» ነው። መዲና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

ወይዘሮ ስመኝ የዝውውሩን ወረቀት ራሷ ቤታችን ድረስ ይዛ መጣች። መኪናው ሰኞ ይመጣል አለች። እማማ ዋጋዬን ማንም አልተናገራቸውም፤ እሳቸው ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ከቤት አልወጡም ተባለ።

በማግስቱ ትብለጥ ወደምቆምበት በር መጣች። ምን እንደበላች ሳልጠይቃት «ምንም አልበላሁም» አለችና አጠገቤ ቆመች።

«ጋሽ እንድሪስ፣ እናንተ ቤት ሰርግ ሲኖር ለእኛ ወገን ማን ነበር የሚያርደው?»

«የእናንተው ሰው ነዋ።»

«ዕቃውስ?»

«ለብቻው ነው። እናቴ ከላይኛው መደርደሪያ ላይ ታስቀምጠው ነበር፤ የእንግዳ ዕቃ ነው እያለች እኛን አታስነካንም።»

«እኛም ቤት ነበር!» አለች፤ ድምጿ ተመለሰ። «እናቴ ያንን ድስት ባዶ ሲቀመጥ እንኳ አቧራውን የምታራግፈው እጇን ታጥባ ነው።»

ወሎን የማያውቅ ሰው ይህ ላይገባው ይችላል። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ድንኳን ይደግሳሉ፣ በአንድ ዘፈን ይጨፍራሉ፤ ሥጋ ግን አይጋሩም። ታዲያ ደጋሹ ለጎረቤቱ በጉን፣ ቢላዋውን፣ ድስቱን አስረክቦ ከዚያ ጥግ ዘወር ይላል። ድግሱ የሱ ነው፤ ነገር ግን ክዳን አይከፍትም፣ አያማስልም፣ አይቀምስም። ጎረቤቱ የሚበላው ጎረቤቱ ባመነው እጅ ይሠራል። ክብሩ እዚያ ላይ ነው።

«የኔ ስህተት ይኸው ነው» አለች ትብለጥ። «ዱቄቱን መረመርኩ፣ ጨውን መረመርኩ። እጁን ረሳሁት። ዛሬ እማማ ዋጋዬ ናቸው፣ ነገ እኔ ነኝ። ቤቴ ዶሮ ይሠራል፣ ባሌ ሽሮ ካልበላ አያድርም፤ ብታጠብ ብታጠብ ፀጉሬ ውስጥ ምን እንዳለ ማን ያውቃል? ያንን ወጥ ቤት ለመዲና አስረክባለሁ። ረውዳ የምትበላውን ብቻ የምትበላው እሷ ናት። እሷ ትሥራው፤ እኔ እወጣለሁ።»

እዚያ ወጥ ቤት ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን ማንኪያ ፈግፍጋ ያጸዳችው ሴት ናት ይህን የምትለው። እልልታዋን በጆሮዬ የሰማሁ እኔ፣ ምን ያህል እንደከበዳት አውቃለሁ።

ወይዘሮ ስመኝ መጀመሪያ አሻፈረኝ አለች። «ልጅቷን ለሙከራ አልሰጥም» ብላ ተቆጣች፤ እውነቷን ነው። መዲና ግን «እኔ በእጄ ከሠራሁት እሰጣታለሁ» አለች። መጀመሪያ ትንሽ ፍርፋሪ የረውዳ ክንድ ላይ እንዲደረግ፣ ያ ደህና ከሆነ ብቻ እንድትቀምስ ተስማሙ። ወጥ ቤቱ ከላይ እስከ ታች ታጠበ። አዲስ መጥበሻ፣ አዲስ ወንፊት ገባ። ዓርብ ጠዋት መዲና ገባች፣ በሩ ተዘጋ፤ ትብለጥ ከመስታወቱ ውጭ ቀረች።

አንድ ችግር ነበር። መዲና ምግብ ሠርታ አታውቅም። ልጄ የአውቶቡስ ነጂ ናት፤ ያን ትልቅ ባለሁለት ፎቅ አውቶቡስ በሐረጎ ተራራ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ስታወርደው የሚያይ ሰው ይኮራባታል። ዱቄት ማቡካት የሚባል ነገር ግን ከረጢቱ ከመጣ ወዲህ በእሷ ዘመን ቀርቷል። ዱባውን ውሃ ሳታጠልል ፈጨችውና ሊጡ እንደ አጥሚት ቀጠነ። ወደ መስታወቱ ዞራ እጆቿን ዘረጋች።

ትብለጥ በመስታወቱ ማዶ ሆና አየር ታቦካ ጀመር። «በመዳፍሽ! በጣትሽ አይደለም፣ በመዳፍሽ!» ትላለች፤ ድምፁ ግን አያልፍም። ስለዚህ በሰውነቷ ሁሉ ትናገራለች። ጡጫዋን ትጨብጣለች፣ ትከሻዋን ትጥላለች፣ በሌለ ወንፊት ላይ የሌለ ሊጥ ታንከባልላለች። መዲና እያየች ትከተላለች። ትብለጥ በግምት ያልፍ የነበረውን ሁሉ አሁን በምልክት ማስረዳት ነበረባት። ምድጃው ሊከፈት ሲል እጇን መስታወቱ ላይ ለጥፋ «ቆይ» አለች፤ መዲናም ቆየች። የመጀመሪያው ትሪ አረረ። ትብለጥ ሳቀች፣ እንደ ድሮዋ ምድጃውን ሰደበችላት፣ «እንደገና» ብላ እጅጌዋን ሰበሰበች። ማዶ ያለችው ልጄም እጅጌዋን ሰበሰበች።

ሁለተኛው ሲወጣ መዲና አንዱን አንስታ ጆሮዋ ሥር ይዛ ሰበረችው። እኛ ጋ ድምፁ አልደረሰም። ፊቷን ግን አየነው።

ትብለጥ በጣቷ ምላሷን ነካ ነካ አደረገች፤ ጨው በቅቶታል ወይ ማለቷ ነው። መዲና ቀምሳ አንገቷን ነቀነቀች። ትብለጥ ይህን መክሰስ እስከ ዛሬ አልቀመሰችውም፤ የመዲናን ማለቴ ነው። ስንለምናት «የእንግዳ ነው» ትለናለች።

ፍርፋሪው ረውዳ ክንድ ላይ ተደረገ፤ ጠበቅን፤ ጠቋሚዋ አረንጓዴ እንደሆነች ቆየች። የጎጆዎቹ መስታወት ወደ ጎን ተንሸራተተና ትሪው ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ወላጆች፣ እኔ፣ ትብለጥና ከወጥ ቤት የወጣችው መዲና ጭምር፣ በመስኮት ማዶ ነበርን። እማማ ዋጋዬም መጥተው ነበር፤ ትብለጥ ራሷ ሄዳ አምጥታቸው፣ ከውጭ ሆነው የፈለጉትን ያህል መረቁ።

ልጆቹ ከትሪው ዙሪያ ቆመው አልነኩትም። ኪሩቤል የሚባለው ወፍራም ልጅ ጎንበስ ብሎ አገላብጦ አየ።

«ስም የለውም» አለ። «የማን ነው?»

«የሁላችሁም ነው» አለች አስተማሪያቸው። ቃሉን ያውቁታል፤ በምግብ ላይ ሲነገር ግን ሰምተው አያውቁም። እርስ በርስ ተያዩ። ረውዳ ቁጭ አለች፤ አንዱን በጡጫዋ ይዛ ነከሰች። ቀጭ ሲል ደንግጣ ጆሮዋን ያዘች፣ ከዚያ ሳቀች። በዚያ ሳቅ ሌሎቹ ሁሉ ዘለው ገቡ። ያ ጸጥ ያለ ግቢ በአንዴ እንደ ወፍጮ ቤት ጮኸ።

እኔ ዓይኔን ከአንገቷ ላይ አልነቀልኩም። መዲና ክንዴን ይዛ ጥፍሯን አስገብታብኛለች፤ ያኔ አልተሰማኝም።

ድንገት ረውዳ ጮኸች። ፊቷ ተጨማደደ፣ አፏ ተከፈተ፣ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ወይዘሮ ስመኝ መርፌውን ይዛ ተነሳች። መዲና በሩን በረገደችው፤ እኔም ተከትያት ገባሁ። ተንበርክኬ አገጯን ቀና አደረግሁት። ጠቋሚዋ አረንጓዴ ናት። አሻሸኋት፤ አረንጓዴ ናት። ከንፈሯ ደህና ነው፣ ትንፋሿ ደህና ነው።

«ምን ሆንሽ? የት ጋ ነው ያመመሽ?»

በዱቄታማ ጣቷ ኪሩቤልን አሳየችኝ። ሁለቱም ጉንጮቹ ተወጥረዋል፤ በጥፋተኛ ዓይን እያየን ማኘኩን ግን አላቋረጠም።

«አባባ!» አለች ሳግ እየተናነቃት። «የኔን በላብኝ!»

ያቺ ልጅ እስከዚያ ቀን ሌላ ሰው ሊበላባት የሚችል ነገር ኖሯት አያውቅም። መዲና ወለሉ ላይ ቁጭ አለች፤ እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አልለየሁም። ወይዘሮ ስመኝ መርፌውን ወደ ኪሷ መለሰችና ስልኳን አውጥታ ኮምቦልቻ ደወለች፤ መኪናው እንዳይመጣ።

እኔ ረውዳን ጉንጯ ላይ ሳምኳት፤ በዚህ በር ስሠራ ሰው ስስም የመጀመሪያዬ ነው።

«ይብላብሽ ልጄ» አልኳት። «ይብላብሽ።»